አይጧ ዳነች ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም



«የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወሬ በየጊዜው ይደርሳችኋል። በራዲዮ ይነገራል፣ በቴሌግራም ይዛመታል፣ ከሶላት በኋላም በመስጂድ ግቢ ይወራል። አንዳንዴ የሚወራው ስለ አዲስ ክኒን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ በየቤታችን ስላለው ጥቁር አዝሙድ ወይም እርድ ነው። ወሬው ከነጭራሹ ውሸት ላይሆን ይችላል። ሆኖም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ተቆርጦ ይቀራል፤ ይኸውም ዳነ የተባለው ሰው ሳይሆን አይጥ መሆኑ ነው። ይህ በመቅረቱ ምክንያት ኬሞቴራፒውን የሚያቋርጥ ሕመምተኛ፣ ንብረቱን የሚሸጥ ቤተሰብ ሊኖር ስለሚችል ጉዳዩን በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

ለመሆኑ የሰው ካንሰር በአይጥ ላይ የሚጠናው እንዴት ነው? ተመራማሪዎች ከሕመምተኛ የተወሰደ የካንሰር ቁራጭ ወይም በላቦራቶሪ የተራቡ የካንሰር ሴሎችን አብዛኛውን ጊዜ ከአይጧ ቆዳ ሥር ያስገባሉ። ይህ ዘዴ «ዜኖግራፍት» ይባላል፤ የአንዱን ፍጥረት አካል በሌላ ዝርያ ላይ መትከል ማለት ነው። ጤነኛ አይጥ ብትሆን ሰውነቷ ባዕድ መሆኑን አውቆ ያጠፋዋል። በመሆኑም በሽታ የመከላከል አቅሟ የደከመ አይጥ ታስፈልጋለች። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በስኮትላንድ ጸጉር የሌላቸው አይጦች ተገኙ፤ በ1968 ደግሞ ታይመስ የተባለው፣ በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚበስሉበት የሰውነት ክፍል እንደሌላቸው ታወቀ። በ1969 ራይጋርድና ፖቭልሰን የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች የሰው የአንጀት ካንሰር በእነዚህ አይጦች ላይ ተክለው ማሳደግ ቻሉ።

ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በተለይም ሕመምተኞቻቸው ጥቂት በሆኑ በሽታዎች፣ ለምሳሌ በልጆች ላይ በሚከሰቱ የአጥንትና የነርቭ ካንሰሮች፣ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በጥቂት ሕፃናት ላይ መሞከር አይቻልም፤ አይገባምም። ስለዚህ ከሕፃናቱ የተወሰደው ካንሰር በአይጥ ላይ ተተክሎ የትኛው መድኃኒት ቅድሚያ ሊሰጠው እንደሚገባ ይመረመራል።

ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ሄርሴፕቲን የተባለው መድኃኒትም በዚህ መንገድ አልፏል። ሄር-2 የተባለ ፕሮቲን የበዛበት የሰው ካንሰር በአይጦች ላይ ተተክሎ፣ መድኃኒቱ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ይበልጥ እንደሚሠራ ታየ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሐኪሞች ለሕመምተኛ የሚያዙት አይጥ ስለተሻላት አይደለም። በ469 ሴቶች ላይ በተደረገና ውጤቱ በ2001 በታተመ ሙከራ፣ መድኃኒቱን ከኬሞቴራፒ ጋር ያገኙት ሴቶች ኬሞቴራፒ ብቻ ካገኙት የበለጠ ዕድሜ ስለኖሩ ነው። አይጦቹ በሩን አሳዩ እንጂ ያለፉበት ሴቶቹ ናቸው።

ይህን በር የሚያልፉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት 39 መድኃኒቶችን መርምረዋል። አንድ መድኃኒት በአይጥ ላይ በተተከለ የአንድ ዓይነት ካንሰር ላይ መሥራቱ፣ በሰው ላይ ባለው በዚያው ዓይነት ካንሰር ላይ ይሠራል ለማለት በቂ ሆኖ አልተገኘም። ተስፋ የታየባቸው በብዙ የተለያዩ ካንሰሮች ላይ የሠሩት ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አይጧ የመከላከል አቅሟ የተዳከመ ነው፤ የእኛ ሰውነት ግን ከካንሰሩ ጋር ይታገላል። በቆዳ ሥር የተተከለው ካንሰር በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ እንደሚያድገው አይሆንም። ሃያ ግራም ገደማ የምትመዝን አይጥ መድኃኒትን ከሰውነቷ የምታስወግድበት ፍጥነትም ከሰው የተለየ ነው።

አሁን ወደ ጥቁር አዝሙድ እንመለስ። ከጥቁር አዝሙድ የሚወጣው ቲሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ የተተከለን የሰው ካንሰር እድገት እንደቀነሰ የሚገልጹ ጥናቶች በእርግጥ አሉ። ነገር ግን በእነዚህ ጥናቶች የተሰጠው ተለይቶ የተጣራ ንጥረ ነገር ነው። በማር ተለውሶ በማንኪያ ከሚበላው ጋር አንድ አይደለም። በሰዎች ላይ በሰፊው ተሞክሮ ካንሰርን እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገርም የለም። ሙስሊሙ ለጥቁር አዝሙድ ያለው ክብር ደግሞ የአይጥ ምስክርነት አያስፈልገውም፤ በአይጥ ስም የሚነግድ ሰውም ሊጠቀምበት አይገባም። በምግባችሁ ውስጥ ብሉት፤ ኬሞቴራፒ የጀመረ ሰው ግን በብዛት ወይም በዘይት መልክ ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

ሕክምናን መተው ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ታይቷል። የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ሊታከም የሚችል ካንሰር ይዟቸው መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ መድኃኒት ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት ዕድል፣ ከታከሙት 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በጡት ካንሰር ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ነበር።

ስለዚህ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የተሞከረው በማን ላይ ነው? በሰው ወይስ በአይጥ? ሁለተኛ፣ በሰው ከሆነ በስንት ሰዎች ላይ ነው? መድኃኒቱን ካላገኙት ጋርስ ተነጻጽሯል? ሦስተኛ፣ የተሰጠው በምን መልክና በምን መጠን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወሬ ለታመመ ሰው ጆሮ አይድረስ። ተስፋ የቆረጠ ሰው የሰማውን ሁሉ ያምናል፤ የሚከፍለውም በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በጊዜው ነው። ካንሰር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም። የታመመ ዘመድ ካላችሁ፣ ከወሬው ይልቅ ወደ ሐኪሙ ቀጠሮ አብራችሁት ሂዱ። አላህ ለሕመምተኞቻችን ሁሉ ዐፊያውን ያድርግላቸው።