ማኅተም የሌለው ስክሪን

በቀደም ለጉዳይ ደጋን ሄጄ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መንገድ ላይ ያለችው ደጋን። የገባሁበትን መሥሪያ ቤት ስም እንለፈው። የያዝኩት ደብዳቤ ላይ ያለው ክብ ማኅተም ደብዘዝ ብሏል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ከዚያ "ጋሼ፣ ይሄ ማኅተም አይነበብም፤ አስደግመው ይምጡ" አለችኝ። አልተቀየምኩም፤ ሥራዋ ነው።

ወዲያው ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ስክሪኑ የሰርቨሩን ማንነት ማረጋገጥ እንዳልቻለ በእንግሊዝኛ ጻፈና "ልቀጥል?" ብሎ ጠየቀ። ሳታነበው "አዎ" አለችውና የይለፍ ቃሏን አስገባች።

"ምንድን ነው የሚለው?" አልኳት።

"ኧረ ሁሌም እንዲህ ነው፤ እሺ ሲሉት ያልፋል።"

የወረቀቱን ማኅተም እንዲህ የምንመረምር ሰዎች የስክሪኑን ማኅተም ለምን ሳናይ እናልፋለን?

ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ቲን ክላየንት የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። ፋይሉም ፕሮግራሙም ያለው ሌላ ቦታ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ነው፤ በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ እሷ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። መስመር ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል፣ እውነት ነው። ሆኖም አሠራሩን እደግፋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ተቋማት ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ ቅጂ የሌለው መዝገብ ግን ከሄደ ሄደ ነው። ቲን ክላየንት ሲሰረቅ የሚሄደው ሣጥኑ ብቻ ነው።

ነገር ግን ሁሉ ነገር ሰርቨሩ ላይ ካለ፣ ያገኘነው ትክክለኛው ሰርቨር መሆኑን ማወቅ ግድ ይላል። ዲጂታል ሰርተፊኬት ማለት ይኸው ማኅተም ነው። መሐል የገባ ሌባ የሰርቨሩን መልክ ይዞ ቢቀርብ፣ በታመነ አካል የተፈረመውን ሰርተፊኬት ሊያቀርብ ስለማይችል ማስጠንቀቂያው ይወጣል። ያኔ "እሺ" ካልነው የቢሮውን ቁልፍ በእጃችን ሰጠነው ማለት ነው።

ጸሐፊዋ ላይ አልፈርድም። በየቀኑ ያለ ምክንያት የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣም ሰሚ አያገኝም። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ የሚወጣው አንዳንዴ ሰርቨሩ ለራሱ ራሱ ስለፈረመ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የፈራሚው ማረጋገጫ ሣጥኑ ላይ ስላልተጫነ። የሰዓት ጣጣም አለ። ባትሪው ያለቀ መሣሪያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ይረሳል፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሲሞላለት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄደው ሰርተፊኬት "ገና አልጸናም" ይባላል።

ይህን ሁሉ ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው፤ የጸሐፊ አይደለም። ሰርቨሩ በታመነ አካል ይፈረምለት። ሣጥኖቹ ሰዓታቸውን ከመረቡ ይውሰዱ። ለእያንዳንዱ ሣጥንም ፍላሽ ይዞ ከመዞር፣ ምዝገባው በራሱ እንዲካሄድ ማድረግ ይቻላል፦ መሣሪያው ቁልፉን ራሱ ያመነጫል፣ ጥያቄ ይልካል፣ የተፈረመ ሰርተፊኬት ይመለስለታል፣ ጊዜው ሳያልፍም ያሳድሳል። ምስጢራዊው ቁልፍ ከሣጥኑ አይወጣም።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሕጉ አለ። የቀረው ሲስተም ስንረከብ "ማስጠንቀቂያ እያወጣ አንረከብም" ማለት ነው።

እኔ ደብዳቤዬን አስደግሜ አመጣለሁ። ሰርቨሩም ማኅተሙን ይዞ ይምጣ።