የሚመለሰውም ሥፍራ ይሻል

ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ጨዋታ በብዙ ቤት የጭቅጭቅ ምክንያት ሆኗል። አባት ጊዜ ማጥፊያ ነው ብለው ይቈጣሉ፤ ልጅ «አባባ፥ ጥቂት ይታገሡኝ» እያለ ያመሻል፤ እናትም በመካከል ሆነው ያስታርቃሉ። ነገር ግን ፍርድ የሚሰጠው ነገሩ ከተሰማ በኋላ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ዐምዳችን ከነዚህ ጨዋታዎች አንዱን መርምረን ለክቡራን አንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 የወጣ «ካሪየር ዴክ» የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የአየር ሹም ይሆናል። ሥራውም አውሮፕላኖችን ወደ ወለሉ ማውጣት፥ ነዳጅ ማስሞላት፥ እንደ ግዳጃቸው ማስታጠቅና ማስነሣት ነው። ስንቅና ትጥቅ የሚያመላልሰውን በረራ መምራትም የእርሱ ፋንታ ነው። ወለሉ ጠባብ ነው፤ ጊዜውም አይጠብቅም። ጀማሪ ተጫዋች ጀግንነት መስሎት ያሉትን አውሮፕላኖች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይልካቸዋል። እነርሱም ነዳጃቸው ተሟጦ ባንድ ጊዜ ሲመለሱ፥ ወለሉ ለመነሣት በተሰለፉ ሌሎች ተይዞ ይቈያቸዋል። ስለዚህ የጨዋታው ቁም ነገር መላክ ብቻ አይደለም፤ ለተመላሹ ሥፍራ ማሰናዳት ነው።

ይህ ነገር በጨዋታ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስል አንድ የታሪክ ምስክር እንጥራ። ግንቦት 27 ቀን 1934 ዓ.ም. በሚድዌይ ደሴት አጠገብ በተደረገው የባሕር ጦርነት፥ የጃፓኑ አድሚራል ናጉሞ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ነበሩት። በመርከብ ላይ ለቀሩት አውሮፕላኖች የተዘጋጀው መሣሪያ ደሴቱን ለመምታት እንዲለወጥ አዘዘ፤ የጠላት መርከቦች መታየታቸው ሲነገረው ደግሞ ትእዛዙን መልሶ ለወጠ። በዚያው ሰዓት ማለዳ የተላኩት ከደሴቱ ተመልሰው ማረፊያ ይሹ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደራረብ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደርሰው ሦስቱን መርከቦች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቱአቸው፤ አራተኛውም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመታ። አራቱም ጠፉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአገራችን ምሳሌ በባሕር ላይም ይሠራል።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ጨዋታን ለአእምሮ ማሠልጠኛ ያደርጉት ነበር። በቀድሞው የሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል ነበረ፤ ይኸውም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ፍጥነታቸው የሚሰለፉበት ነው። እንግዲህ ጊዜ የማይጠብቅበት ጨዋታ ከውጭ አገር ዛሬ የመጣብን እንግዳ አይደለም።

ከአየር ስንቅ ማድረስም ቢሆን አገራችን የምታውቀው ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች መኪና ወደማይደርስበት ደጋ እህል እየወሰዱ ዝቅ ብለው ይጥሉ ነበር። እህሉ ሲወድቅ እንዳይበተን በተደራረበ ጆንያ ይታሰር ነበር፤ በምድርም መጣያው ሥፍራ አስቀድሞ ይመረጥና ምልክት ይደረግበት ነበር። ከላይ የሚሰጥ ቢኖር እንኳ ከታች የሚቀበል ካልተሰናዳ፥ ስጦታው ጥፋት ይሆናል።

ይህን ትምህርት ወደ ቤታችን ለማምጣት በይርጋ ጨፌ አገር ወዳለችው ወደ ዱመርሶ እንሂድ። የጌዴኦ ገበሬ በጠባብ መሬት ላይ ትልልቁን ዛፍ፥ እንሰቱንና ቡናውን እያንዳንዱን በየሥፍራው አድርጎ መትከልን ያውቃል፤ መልክዐ ምድሩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል። የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው ግን በለቀማ ወራት የመርከቡ ሹም ችግር ይደርስበታል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ከዚያም በገንዳ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ያህል ይቈያል፤ ከታጠበ በኋላ በአልጋ ላይ ለመድረቅ ከ10 እስከ 15 ቀን ይፈልጋል።

ለምሳሌ 30 አልጋ ያለው ሰው፥ ቡናው በአልጋ ላይ 15 ቀን የሚቈይበት ቢሆን፥ በየቀኑ ሊቀበል የሚችለው የ2 አልጋ ቡና ብቻ ነው። ዋጋው መልካም ነው ብሎ በየቀኑ የ4 አልጋ ቢገዛ፥ በስምንተኛው ቀን ሥፍራው ያልቅበታል፤ የመጀመሪያው ቡና ግን እስኪነሣ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል። በዚያ ቀን በሸክም የመጣው እሸት በጆንያ ውስጥ ይግላል፤ ይሻግታል፤ ባለቤቱም የዓመት ድካሙን በአንድ ሌሊት ያጣል። በችሎት ጸሐፊነታችን የምናየው የውል ክርክር ብዙው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የሚረከበውን የሚያኖርበት ሳያሰናዳ ተዋውሎ ከተገኘ ሰው የመጣ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጁ እያመሸ የሚሠራው ስሌት ይኸው የአልጋው ስሌት መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ስልኩን ቀምቶ ከመጣል፥ ሰዓቱን በደንብ ወስኖ፥ ጥናትና እንቅልፍ የማይነካ መሆኑን አረጋግጦ መፍቀድ ይሻላል። ጨዋታው ሲፈጸምም ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፥ ስንት ላክህ? ስንት ይመለስልሃል? የት ታሳርፈዋለህ? ብላችሁ ጠይቁት። ለቀማ ሲደርስም ደብተርና እርሳስ ሰጥታችሁ፥ የተያዘውንና ባዶውን አልጋ በየማታው ቈጥሮ እንዲያስታውቃችሁ እዘዙት። ቡና የሌለው ቤትም ጐተራና የወር ደመወዝ አለውና፥ በዚያ ያለማምደው።

በመርከቡ ጨዋታ የሰጠመ መርከብ በማግስቱ እንደ ገና ይነሣል። የሻገተ ቡናና የተበላ የዘር እህል ግን አይመለስም። ይህን ልዩነት ለልጅ የሚያስረዳው ጨዋታው ራሱ አይደለም፤ አባትና እናት ናቸው።