ድመትን ማስራብ አይጥን መቀለብ ነው

ሰሞኑን ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱኛል። አንደኛው ከወጣቶች ነው፦ «ያቺ ስልክ ላይ ያየናት አቢሲኒያ የምትባለዋ ድመት ከየት ትገኛለች?» ሌላው ከአባቶች ነው፦ «ድመቴ ሰነፈችብኝ፤ ስንት ቀን ላስርባት?» ዛሬ ለሁለቱም በግልጽ እመልሳለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ።

የአቢሲኒያዋን ላስቀድም። ቆንጆ ናት፣ ፀጉሯ አጭር ነው፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም። ግን ስሟ አያታልላችሁ። ዝርያዋ የተዳቀለው እንግሊዝ አገር ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1868፣ ዙላ የምትባል ድመት ከአገራችን እንደወሰዱ ይነገራል። የዘር ምርመራው ግን የዝርያዋን ሥር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስደዋል። ታዲያ ለስም ብላችሁ ብር ከምታወጡ ጎረቤት ያለችውን እዩ። እሷም አጭር ፀጉር ናት፣ እሷም አርፋ አትቀመጥም፣ የአገሩን ብርድም ለምዳዋለች።

ስትመርጡ ከግልገሏ በፊት እናቷን ተመልከቱ። አይጥ ይዛ ለልጆቿ የምታመጣ እናት ግማሹን ሥራ ሠርታላችኋለች፤ ግልገል አደን የሚማረው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ወር ሳይሞላት አትንጠቋት። ገመድ ስትጎትቱ ተከትላ የምትዘል፣ ዓይኗ ንጹሕ የሆነ፣ ሆዷ ያልተነፋ ትሁን።

አሁን ወደ ማስራቡ። «ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይባላል። ኧረ ተዉ! ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየች ጠግባም ትዘላለች። ገድላ ሳትበላው ትታው ስትሄድ አላያችሁም? የራባት ግን ጫጩት ትሰርቃለች፣ ወይ የሚያበላት ቤት ፍለጋ ትጠፋለች፤ ጎተራው ያለ ጠባቂ ያድራል። በሬውን አስርቦ የሚያርስ ገበሬ እስካሁን አላጋጠመኝም። እንጀራ ብቻም አይበቃትም፤ ድመት ያለ ሥጋ ዓይኗም ልቧም ይታመማል። የተቀቀለ የሥጋ ቁርጥራጭ ስጧት፣ ውሃ አይጥፋባት። ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

መርዙን ሳላነሳ አላልፍም፤ ጥፋቱ የራሴም ነውና። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት «አይጥ ጤፌን ጨረሰው» ሲሉኝ «መርዝ ይግዙ» አልኳቸው። ድመት አለዎት ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ድመታቸው ጎተራው ሥር ሞታ ተገኘች። ወር ሳይሞላ አይጦቹ ተመለሱ። እሳቸው አንድም ቃል ሳይናገሩኝ ቡና አፍልተው አጠጡኝ፤ የባሰብኝ እሱ ነው። መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም ይገድላል። ስለዚህ ድመት ባለበት ግቢ መርዝ እንድትነሰንሱ የሚመክራችሁን፣ እኔንም ጨምሮ፣ አትስሙ።

ድመት ብቻዋን ትበቃለች አልልም። ትልቁን አይጥ ብዙ ድመት አይደፍረውም። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል፣ እግሩ ላይ ቆርቆሮ ይጠምጠም፣ ዙሪያው ይመንጠር።

ድርቆሽ ላይ እንዳትጸዳዳ ተጠንቀቁ፤ በኩሷ የሚተላለፍ ተውሳክ በግ ያስጨነግፋል። ነፍሰ ጡር ሴትም ኩሷን አታንሳ፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተብ፣ ከዚያም በየዓመቱ። ለክትባት ስታመጧት ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት አፍናችሁ አይሁን፤ ክዳን ያለው ቅርጫት ይበቃል። ባለፈው አንዷ ከረጢቷን ቀዳ አምልጣ ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ስናሳድዳት ዋልን።