ቤት ከመሥራት አስቀድሞ ስፍራውን ስለ መመርመር

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መኖሪያ ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም። ቤት የሚሠራም ብዙ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቋሚ ከማቆሙ አስቀድሞ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፥ ፀሐይ በየወሩ በየት በኩል እንደምትውል፥ ጎርፉም በየት እንደሚወርድ የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ለባላገር ኑሮ የሚስማማ አዲስ ዓይነት ቤት በመንደፍ ስማቸው ስለ ታወቀ ስለ አንድ ሰውና ስለ ትንሽ ቢሮአቸው ለአንባቢዎቻችን ልንነግር አሰብን።

እኚህ ሰው ሚስተር ግሌን መርከት የሚባሉ አውስትራልያዊ አርክቴክት ናቸው። የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፋቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የሕፃንነታቸውን ዘመን በኒው ጊኒ ደሴት አሳለፉ፤ የሕንፃ ንድፍንም ትምህርት በሲድኒ ከተማ ተምረው በ1961 ፈጸሙ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቈይተው የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ።

ቢሮ ብንልም ብዙ ጸሐፊና ብዙ ነዳፊ የተሰበሰበበት ታላቅ መሥሪያ ቤት ለአንባቢ አይምሰለው። ሚስተር መርከት አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩት ረዳት ሳይቀጥሩ ብቻቸውን ነው፤ ፕላኑንም በገዛ እጃቸው ይነድፉ ነበር። ስለዚህ ቤት የሚያሠራው ሰው ተራው እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ መታገሥ ነበረበት። ሆኖም ሥራቸው ታላቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ለዓለም የሕንፃ ነዳፊዎች በየዓመቱ የሚሰጠው የፕሪትዝከር ሽልማት በ2002 ተሰጣቸው።

ከሥራዎቻቸው አንዱ በኬምፕሲ ከተማ አጠገብ የቆመውና በ1975 ያለቀው ማሪ ሾርት ተብሎ የሚጠራው የእርሻ ቤት ነው። ሁለት ረዣዥም ቤቶች ጎን ለጎን ሆነው በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብለው ተሠርተዋል፤ ይኸውም ጎርፍ ቢመጣ ከወለሉ በታች እንዲያልፍ፥ በሙቀትም ጊዜ ነፋስ ከሥር እንዲገባ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በግድግዳውም ላይ እንደ ልብ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሰያፍ የተደረደሩ ስስ ሳንቃዎች አሉበት። ክፍሎቹ ተፈትተው ዳግም እንዲገጠሙ ሆነው ስለ ተሠሩ፥ ሚስተር መርከት በ1980 ቤቱን ራሳቸው በገዙት ጊዜ ሳያፈርሱ ሊያሰፉት ቻሉ።

በ1984 በባሕር ዳርቻ የሠሩት ማግኒ የተባለው ቤት ደግሞ ጣራው ከሁለት ወገን ወደ መካከል ያዘነበለ ነው፤ የዝናቡ ውሃ በመካከሉ ባለው ሰፊ አሸንዳ ወርዶ ወደ ማጠራቀሚያ ይገባል። ሙቀት በሚበረታበት በሰሜኑ ክፍል በይርካላ በ1994 ያለቀው ቤት ግን በመስኮቶቹ ላይ መስተዋት የለበትም፤ የግድግዳው ሳንቃ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይከፈታል።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን የቤቱ ሁሉ ቋሚና ወራጅ የሆነው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራልያ ዛፍ ነው፤ ቆርቆሮም ዛሬ በየገጠሩ ይሸጣል። እንግዲህ ዕቃው በእጃችን አለ፤ የጎደለው ምርመራው ነው።

ልጅ ሹመትና ገንዘብ ባገኘ ጊዜ እናቱ የሚኖሩበትን የሣር ጎጆ አፍርሶ የቆርቆሮ ቤት ያሠራላቸዋል። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ጣራው ዝቅ ያለና ኮርኒስ የሌለው ከሆነ ቤቱ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፥ ዝናብም ሲጥል መነጋገር አይቻልም። በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣ የነበረው ጢስ አሁን መውጫ አጥቶ በእሳቱ አጠገብ የምትውለውን ሴትና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ያስላል። እናት ግን ልጃቸው እንዳያዝን ብለው ዝም ይላሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ አዲሱን ቤት ይከፍታሉ፥ ራሳቸው በማድ ቤት ይውላሉ።

ይህን ስንል ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ ቆርቆሮ እንደ ሣር በየጊዜው አይታደስም፥ ቶሎም እሳት አይበላውም። ነገር ግን ጣራው ከፍ ይበል፤ ከክፈፉ በታች ነፋስ ማስገቢያ ይተውለት፤ ከውስጥ በሳንቃ ወይም በሰሌን ኮርኒስ ይደረግለት፤ ክፈፉም ግድግዳውን ከዝናብ እንዲጠብቅ ሰፋ ይበል፤ በአሸንዳ የሚወርደው ውሃ በበርሜል ይጠራቀም፤ ማድ ቤቱም የጢስ መውጫ ይኑረው።

ደግሞም የሌላውን አገር ፕላን እንዳለ መገልበጥ ጥበብ አይደለም። በአውስትራልያ ደቡብ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በሰሜን በኩል ስለምትውል ሚስተር መርከት ቤታቸውን ወደ ሰሜን ያዞራሉ። በአዲስ አበባ ግን የቀትር ፀሐይ በሰኔ ጥቂት ወደ ሰሜን፥ በታኅሣሥ እጅግ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ግድግዳው ሁሉ የሚከፈት ቤት ለጋምቤላ ሙቀት ቢስማማ ለደብረ ብርሃን ውርጭ አይስማማም። ከእርሳቸው የምንማረው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አይደለም።

ዳኛ የግራ ቀኙን ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ፥ ባለቤትም በሐምሌ ዝናብና በጥር ፀሐይ ስፍራውን ሳያይ መሠረት ባይጥል መልካም ነው። ከምስክሮቹም ሁሉ የመጀመሪያዋ በዚያ ቤት የምትኖረው እናት ናት። በማለዳ የት መቀመጥ እንደሚወዱ፥ ዝናቡ በየትኛው በር እንደሚገባ፥ ጢሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ከአናጢው ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉና፥ ለቆርቆሮው ዋጋ ከመክፈል አስቀድሞ እርሳቸውን መጠየቅ ይገባል።