በሰው ቁስል ታጋሾች

አማርኛችን ሐዘንተኛን ለማጽናናት ቃል አያጣም። ‹‹ለበጎ ነው››፣ ‹‹እግዚአብሔር ያውቃል››፣ ‹‹ሁሉም ያልፋል››፣ ‹‹ታገሺ እንጂ እህቴ››… ምላሳችን ላይ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ደግሞም ወጪ የላቸውም፤ ከኪስ አያስወጡም፣ ከእንቅልፍም አይቀንሱም። እኔ ዛሬ ጠብ ያለኝ ከእነዚህ ቃላት ጋር ነው፤ በተለይም ከ‹‹ታገሺ›› ጋር። አንባቢዬ ‹‹ይኼ ሰውዬ ደግሞ ዛሬ ከትዕግሥት ጋር ተጣላ?›› እንዳይለኝ ከወዲሁ ልናገር። ትዕግሥትን ከክርስትና ዐምዶች አንዱ አድርገው ከሚቆጥሩት ወገን ነኝ። ጠቤ ከትዕግሥት ጋር ሳይሆን በሰው ቁስል ከሚታገሡት ጋር ነው።

ነገሩን ያለ ምሳሌ ብናወራው አየር ላይ ይቀራልና ወደ አርሲ ነገሌ ልውሰዳችሁ። ከተማዋን ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ የወረደ ሁሉ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስተ ምዕራብ የአብያታና የሻላ ሐይቆች፣ በስተ ምሥራቅ የሙኔሳ ደን አቅፈዋት ትኖራለች። ስሟ ግን ከሐይቁም ከደኑም ይልቅ በአረቄዋ ነው የሚነሣው። አረቄውን የሚያወጡት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ድፍድፉ ቀናት ይቆያል፤ ከዚያ እሳት ላይ ይጣድና እንፋሎቱ በቱቦ እየወረደ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ጠብታ በጠብታ ይጠራቀማል። ተራው አረቄ ‹ዳግም› እንዲባል ደግሞ ያው ልፋት እንደገና ነው። ማገዶው የደኑ፣ ትርፉ በአብዛኛው የነጋዴው፣ ጭሱ የሴቶቹ! ጭስ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና መሰል ነዳጅ በሚመጣ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያች ከተማ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ስም አልጠራም። ሐዘንተኛዋ አረቄ እያወጣች ሦስት ልጆች ያሳደገች እናት ናት። የሞተው የበኩር ልጇ ነው፤ ወራት ታሞ፣ መድኃኒቱ ገንዘብ ሲገኝ እየተገዛ፣ ሲታጣ እየተቋረጠ ነው ያለፈው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ቃሉን እናውቃለን የሚሉ አዛውንት ተነሡና ‹‹እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚወስደው፤ ለበጎ ነው። ኢዮብ እንኳ አሥር ልጆቹን አጥቶ አመሰገነ፤ አንቺማ አንዱን ነው፤ ታገሺ›› አሏት። ‹‹እሺ አባቴ›› አለች። ሌላ ምን ትበል?

በሦስተኛው ቀን ከጓሮዋ ጭስ ወጣ። ልጁ ሳይሞት የተደፈደፈው ድፍድፍ ሊበላሽ ነው፤ የእህሉና የጌሾው ዕዳም አፍጥጧል። ስለዚህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች እሳቱ ዘንድ ገባች። እኚያው አጽናኝ ከጎኔ ተቀምጠው ‹‹እንዴ! ሐዘኗ እንኳ ሳይወጣላት?›› አሉ። ‹‹አባቴ፣ ታገሺ ያሏት እኮ ይኸው ታገሠች! ትዕግሥት ከዚህ ወዲያ ምን ይመስላል?›› አልኳቸው። አልመለሱልኝም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ‹‹‹ቻለ› ማለት ምን ማለት ነው?›› ብዬ እጠይቅ ነበር። ግማሹ ‹‹አቅም አገኘ›› ሲለኝ ግማሹ ‹‹ተሸከመ፣ ታገሠ›› ይለኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ‹‹ሥራውን ቻለው›› እንላለን፤ ‹‹መከራውን ቻለው››ም እንላለን። ቋንቋችን አቅምንና ትዕግሥትን በአንድ ግሥ ሲያስቀምጥ ተራ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ የሚታገሥ ሰው የሚሠራ ኃይል አለው ማለቱ ነው። በአዲስ ኪዳን ትዕግሥት ተብሎ የተተረጎመው ‹ሂፖሞኔ› የሚለው የግሪክ ቃልም ከሸክም በታች ጸንቶ መቆምን እንጂ ተጋድሞ መቅረትን አይነግረንም። አረቄ የምታወጣ ሴት ይህን ከሊቃውንቱ በላይ ታውቀዋለች። ጠብታውን አታስቸኩለውም፤ ግን ደግሞ አትተኛም። እሳቱ ሲበረታ ታበርዳለች፣ ውሃው ሲሞቅ ትቀይራለች። ትዕግሥትን ከእሷ ልንማር ሲገባን አስተማሪዋ ሆነን እናርፋለን!

ለመሆኑ ያ የምንጠቅሰው ኢዮብ የትኛው ኢዮብ ነው? በስብከታችን ውስጥ ኢዮብ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ያለው ሰው ነው፤ አጣ፣ አመሰገነ፣ አበቃ። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ሲረግም እናገኘዋለን። ከዚያ ወዲያ እስከ 31ኛው ድረስ ይከራከራል፣ ይጮኻል፣ ከፈጣሪው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ለመሟገት ቀጠሮ ይጠይቃል። ወዳጆቹ በበኩላቸው ‹‹ሳትበድል አልተቀጣህም፣ አርፈህ ንስሐ ግባ›› የሚል ዓይነት ነገር ይደጋግሙበታል። ነገራቸው ሁሉ ሲታይ መንፈሳዊ ነው፤ ለስብከት ይመቻል። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጮኸው ላይ አይደለም፤ በአጽናኞቹ ላይ ነው። መሥዋዕት ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱና እሱ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። እኛ ከዚያ ሁሉ ታሪክ መርጠን የወረስነው የተወቀሱትን ሰዎች ሥራ ነው።

የኢዮብን ትዕግሥት የሚያመሰግነው ያዕቆብ በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ ቁጥር 11 ላይ ነው። ሰባኪ ግን ብዙ ጊዜ ታገሡ ከሚለው ከቁጥር 7 ይጀምርልናል። ከዚያ በፊት ያሉት ስድስት ቁጥሮችስ የት ሄዱ? እዚያ ያዕቆብ ባለጠጎችን ነው የሚገሥጸው፤ የአጫጆቹን ደመወዝ አስቀርታችኋል፣ ጩኸታቸውም እግዚአብሔር ጆሮ ደርሷል ብሎ። ሐዋርያው አስቀድሞ የቀጣሪውን ኪስ ፈተሸ፤ የተበደለውን ‹‹ታገሥ›› ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ፍተሻውን ዘለልነው፤ ስንዘል ደግሞ ኪሱ የማን እንደሆነ ልብ ማለት ነው።

‹‹ታዲያ ሰው በፈጣሪው ላይ ያምፅ ነው የምትለው?›› የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ትዕግሥትና ዝምታ አንድ አይደሉም ነው የምለው። ከሩቅ አገር ምሳሌ አላመጣም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን እናስታውስ። እሳቸው ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ ላሉ አጋሮቿ በጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ፣ ለነፍስ የሚሰበከውንና ለሥጋ የሚደረገውን መነጣጠል ሰውን ለሁለት መክፈል ነው ብላ ተከራክራለች። ደርግ አስሮ ሲፈታቸው ወደ ታንዛኒያ የመውጣት ዕድል ተከፍቶላቸው ነበር፤ ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቅቀዋል። ትዕግሥት ካላችሁ ይኼ ትዕግሥት ነው። ሰውዬው መከራውን የተቀበሉት ራሳቸው ላይ ነው፤ ለሌላው አላዘዙትም። የሚታገሥ ሰው ዝም ማለት አለበት የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከመጽሐፉ ግን አልመጣም።

በሰው ቁስል መታገሥ ከለቅሶ ድንኳን ወጥቶ የአገር ጠባይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ይህችው አርሲ ነገሌ ነበረች። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሪፖርት በልዩ ልዩ አካባቢዎች በጠቅላላው 123 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከ500 የማያንሱ መጎዳታቸውን መዝግቧል። ያን ሰሞን በየደረስኩበት የምሰማው ምን ነበር? አመዱ ሳይቀዘቅዝ ‹‹ታገሡ፣ ይቅር በሉ››። ይቅርታ የክርስቲያን ግዴታ ነው፤ አልከራከርም። ግን ይቅር የሚለው የተበደለው ነው እንጂ ጎረቤቱ አይደለም። ጎረቤትማ ሌላ የቤት ሥራ ነበረው። ማን አቃጠለ? ማን ቆሞ አየ? ልጆቹ ዛሬ የት ያድራሉ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ስለሚያስፈራን ነው ቶሎ ብለን ‹‹ታገሡ›› የምንለው። ፍርሃታችንን የሃይማኖት ካባ አልብሰን እንሸኘዋለን ማለት ነው።

‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› የሚለውን ተረታችንንም በዚሁ መንፈስ ነው የምንጠቀምበት። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ግን ብቻውን ተቀምጦ በእግሩ የሄደ እንቁላል አይቼ አላውቅም። 21 ቀን የታቀፈችው ዶሮ አለች። ያልታቀፉት እንቁላል ጊዜ ሲያልፍበት ይገማል እንጂ አይራመድም። ታገሥ የምንለውን ሰው ማን ነው የታቀፈው?

‹‹እኛም እኮ ድሆች ነን፤ ከቃል በቀር ምን አለን?›› ለሚለኝ ግን እውነተኛ መልስ አለብኝ። ዕድር አለን! በየወሩ ከሌለን ላይ እያዋጣን ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ያፈራን ሕዝብ ነን። ያ ልጅ ሲሞት ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ነበር የተተከለው፤ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ገንዘቡም ተቆጥሮ ተሰጥቷል። ሲታመም ግን ዕድሩ አያውቀውም፤ ደንቡ ለሞተ እንጂ ለታመመ አልተጻፈም። ይኼ ለምን ይሆናል? በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በዓመት አንዴ በሚከፈል መዋጮ ቤተሰብን ለማሳከም የታሰበ ነው። ጉድለት አያጣውም። ነገር ግን ዕድሮቻችን፣ ሰንበቴዎቻችንና አጥቢያዎቻችን መዋጮውን መክፈል ለማይችል አባል ቢከፍሉለት የትኛው ቀኖና ይጣሳል? ከቀብር ማግስት የሚሰጠው ብር ከሞት በፊት ቢሰጥ አንዳንዱ ድንኳን ጭራሽ ባልተተከለ ነበር።

ስለ አረቄውም እንዲሁ። አረቄ ኃጢአት ነው ብሎ በየመድረኩ መጮኽ ቀላል ነው። ከአረቄ የተገኘው ብር ምጽዋት ሆኖ ሲመጣ ግን ማንም አሽትቶ አልመለሰውም። ሴትዮዋ ሌላ እንጀራ እንድታገኝ፣ ያም ቢቀር ጭስ የሚያወጣ ማንደጃ እንዲኖራት የመከረ ጉባኤ ካለ ንገሩኝና ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

የኢዮብን ወዳጆች አጥብቄ ወቅሻለሁና አንድ ደግ ሥራቸውን ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። መጀመሪያ ሲመጡ አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ወደሚቀጥለው ለቅሶ፣ ወደሚቀጥለው የታመመ ሰው ደጅ ስትሄዱ ከዚያ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ። ተቀመጡ። የመድኃኒቱን ወረቀት ተቀበሉና ፋርማሲ ሂዱ። ማገዶውን አንድ ቀን ተሸከሙላት፤ ጭሱ ዓይናችሁ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በኋላ ‹‹ታገሺ›› የሚለው ቃል አሁንም አፋችሁ ላይ ካለ፣ በሉት።