ከእጅ አይሻል ዶማ፦ የኤልሞር ጄምስን ድምፅ በዶላር ለምትፈልጉ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዶላር ነው፤ የምሄደው ግን በጊታር በኩል ነው። ታገሱኝ።

በቅርቡ አንድ የማውቀው ወጣት ጊታሪስት ደወለልኝ። ስላይድ መጫወት መጀመር ይፈልጋል። ስላይድ ማለት ክሩን በጣት ከመጫን ይልቅ፣ ጣት ላይ በተጠለቀ ብርጭቆ ወይም ብረት እያንሸራተቱ መጫወት ነው። «ጋሼ፣ የኤልሞር ጄምስን ድምፅ ለማውጣት የትኛው ፔዳል ይሻላል? ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለ፤ ላስመጣ ነው» አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ በብር ሲሰላ ምን እንደሚመስል ለዚህ ቻናል አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

«ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«አኩስቲክ ጊታሬን ልሸጣት ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!

ልቆጣው አፌን ከከፈትኩ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በዚሁ በሽታ ተይዤ ነበር። ፔዳል ገዛሁ፣ ሸጥኩ፣ ሌላ ገዛሁ። በመጨረሻ የተረፈኝ አንድ ካርቶን ሙሉ ዕቃና አንድ ዜማ በቅጡ የማይጨርስ እጅ ነበር። ስለዚህ ከላይ ሆኜ አልፈርድም። ዝም ግን አልልም፤ ምክንያቱም እሱም እኔም የተሸጠልን ውሸት ነው። ውሸቱም ይህ ነው፦ የታላቁን ሰው ድምፅ ከፈለግህ የታላቁን ሰው ዕቃ ግዛ።

እስኪ ታላቁን ሰው እንየው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልሞር ጄምስ በ1918 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ የተለማመደበት መሣሪያ አንድ ክር ብቻ ያለው ነበር። በዚያ አገር የጥቁር ገበሬ ልጆች ከመጥረጊያ የፈቱትን ሽቦ ሳንቃ ወይም የቤት ግድግዳ ላይ በምስማር ይወጥሩና በጠርሙስ እያንሸራተቱ ይጫወቱበታል። ኤልሞር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግሎ ሲመለስ ካንተን በምትባል ከተማ ራዲዮ ጥገና ሱቅ ውስጥ ሠራ። በ1951 ጃክሰን ከተማ ላይ «ደስት ማይ ብሩም»ን ቀረጸ። ዘፈኑን ሮበርት ጆንሰን በ1936 ቀድሞ ቀርጾት ነበር፤ ኤልሞር ግን በስላይድና በኤሌክትሪክ ድምፅ እንደ አዲስ ወለደው። የመግቢያዋን ዜማ ያልሞከረ የብሉዝ ጊታሪስት አይገኝም። የሮሊንግ ስቶንሱ ብራያን ጆንስ በጀማሪነቱ በእሱ ፍቅር ራሱን «ኤልሞ ሉዊስ» ብሎ ይጠራ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ምን ይዞ ነበር የሚጫወተው? በታወቁ ፎቶዎቹ ላይ የምናየው ኬይ የተባለ ኩባንያ የሠራውን፣ በካታሎግ በርካሽ ይሸጥ የነበረ ዓይነት አኩስቲክ ጊታር ነው። እሱ ላይ ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት፣ ተለጥፎበታል። በቃ። ሽቦና ብየዳ የሚያውቅ የራዲዮ ጠጋኝ እጁ የገባውን ዕቃ ለጆሮው አስገዛ። እኛ ደግሞ ጆሯችንን ለዕቃ እናስገዛለን።

ነገሩ በእሱ የተጀመረም አይደለም። «የብሉዝ አባት» የሚባለው ደብልዩ ሲ ሃንዲ በ1903 ገደማ ተትዋይለር በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ባቡር ሲጠብቅ፣ የተቦጫጨቀ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው የጊታሩን ክር በቢላ እየተጫነ ሲጫወት መስማቱን በግለ ታሪኩ ጽፏል። ዱዌን ኦልማን ስላይድ የጀመረው በ1968 ሲሆን፣ ጣቱ ላይ ያጠለቀው ኮሪሲዲን የተባለ የጉንፋን መድኃኒት ባዶ ጠርሙስ ነበር። ሎዌል ጆርጅ ደግሞ የካንዴላ መፍቻ ነበር የሚጠቀመው። አዎ፣ የካንዴላ መፍቻ! የትኛውም ጋራዥ ብትገቡ ታገኙታላችሁ።

ቢላ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የካንዴላ መፍቻ። የስላይድ ታሪክ በእነዚህ ተጀምሮ በእነዚህ ያደገ ነው።

አሁን ገበያው ምን እንዳደረገው ተመልከቱ። የዚያ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ቅጂ ዛሬ የሙዚቃ ዕቃ ተብሎ ይሸጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቀለሙ በፋብሪካ ሆን ተብሎ የተፋቀ፣ ብረቱ ሆን ተብሎ የዛገ አዲስ ጊታር መሸጥም ተለምዷል፤ ዋጋውም ካልተፋቀው ይበልጣል። ሌላው በሃያ ዓመት ላብ ያመጣውን ጭረት በአንድ ቀን ገዝቶ መሄድ ማለት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

በ2019 ዱዌን ኦልማን የተጫወተበት የ1957 ሌስ ፖል ጊታር በጨረታ በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዱዌን ራሱ ያንን ጊታር ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ? በ1970 ከአንድ አምፕሊፋየርና ከ200 ዶላር ጋር ደርቦ ሌላ ጊታር ለወጠበት። ከመስጠቱ በፊትም ፒካፖቹን አስነቅሎ ወደ አዲሱ አዛወራቸው። እንግዲህ ሚሊዮን የተከፈለበት ጊታር ዱዌን «ይሄስ ይቅርብኝ» ብሎ የሰጠው፣ ለድምፁ የፈለገውን ነቅሎ ያስቀረበት ነው!

ኤልሞር ጄምስስ? በ1963 በ45 ዓመቱ ቺካጎ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። ሚሲሲፒ ሲቀበር መቃብሩ ላይ ስሙን የሚናገር ድንጋይ አልነበረም። ድንጋዩ የቆመለት በ1992 ነው። ወደ 30 ዓመት ገደማ ዓለም የእሱን ድምፅ ሲያሳድድ እሱ ራሱ ያለ ምልክት ተኝቶ ነበር። ዕቃውን ማምለክ ሰውየውን ማክበር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

እዚህ ላይ የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ «ዕቃ ምንም አይለውጥም ልትለን ነው? ዱዌንስ ፒካፑን ለምን ነቀለ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ዕቃ ይለውጣል። ወፍራም ክር ከቀጭን ክር የተሻለ ስላይዱን ይሸከማል። ክሩ ከጊታሩ አንገት ትንሽ ከፍ ካላለ ስላይዱ ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተደረደረውን ብረት፣ እየመታ ይንኳኳል። ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ሲጨናነቅ የሚያወጣው ስንጥቅጥቅ ድምፅም እውነት ነው። ዱዌን ግን ፒካፑን የነቀለው የሚፈልገውን ድምፅ አስቀድሞ በእጁና በጆሮው ስላወቀው ነው። ዕቃው ለጥያቄው መልስ ሆነለት። እኛ ጥያቄው ሳይኖረን መልሱን በዶላር እንገዛለን። ስላይድ ከጀመረበት እስከሞተበት እስከ 1971 ጥቅምት ድረስ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም። እኔ ፔዳል ስገዛና ስሸጥ ያቃጠልኩትን ጊዜ አስታውሱ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። የዚህ ድምፅ ዋናው ቁልፍ አይሸጥም፤ ቅኝት ነው። እና ቅኝትን ለእኛ ማን ያስተምረናል? ክራር መቺ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር ክሩን መልሶ ይቃኛል። «መሣሪያው ለዜማው ይቃኛል» የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኤልሞር ያደረገውም ይህንኑ ነው። የተለመደው የጊታር ቅኝት ከወፍራሙ ክር ሲነሳ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። የኤልሞር ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ ነው። አራት ክሮችን ማላላት ብቻ ነው፤ ሁለቱን ዳርና ዳር ያሉትን ኢዎችና ቢን አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ጂን ደግሞ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ። ያኔ ክሮቹን ባዶ ብትመቷቸው አንድ ሙሉ ኮርድ ይሰማል። ስላይዱን 12ኛው ፍሬት ላይ ብታሳርፉት ያው ኮርድ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ የ«ደስት ማይ ብሩም» መግቢያም የምትጮኸው እዚያ ነው። የዱዌን ቅኝት የዚሁ ወንድም ነው፤ ሁሉንም ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። ዋጋው? ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም።

የቀረው እጅ ነው። ስላይዱን ትንሿ ጣት ወይም የቀለበት ጣት ላይ አጥልቁ። ክሩን እንጨቱ ላይ አትጫኑት፤ ንኩት ብቻ። ማሲንቆ ተጫዋች ፍሬት በሌለው አንገት ላይ የጭራውን ክር በጣቱ እንዴት እንደሚነካ አይታችሁ ካወቃችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ስላይዱ በሁለት ፍሬቶች መካከል ሳይሆን ልክ በፍሬቱ ብረት አናት ላይ ይቁም፤ በስንዝር ሳይሆን በፀጉር ያህል ብትስቱ ድምፁ ይበላሻል። ከስላይዱ ኋላ ያሉትን ጣቶች ክሩ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ አሳርፉ፤ የሚንጫጫውን የሚያፍኑት እነሱ ናቸው። የቀኝ እጅ ጣቶችም የማትፈልጉትን ክር ዝም ያሰኙ። ከዚያ በድምፃችሁ ዝፈኑና ስላይዱ እንዲከተላችሁ አድርጉ። ይህን ፔዳል አያደርግላችሁም። ከእጅ አይሻል ዶማ ያለው የአገሬ ሰው ስለ ጊታር ሳያውቅ ስለ ጊታር ተናግሯል።

ለመሆኑ ይህ የጊታር ጉዳይ ብቻ ነው? ጥሩ ካሜራ እስኪመጣለት ፊልም ያልጀመረ፣ ስቱዲዮ እስኪያሟላ ዘፈን ያልቀረጸ፣ ላፕቶፕ እስኪቀይር መጽሐፉን ያልጨረሰ ስንት ሰው እናውቃለን? ዕቃ በሌለበት ብዙ ሥራ አይሠራም፤ እውነት ነው፤ የዶላር እጥረቱም ከባድ ነው። ነገር ግን እጃችን ላይ ባለው ያልሞከርነውን ሁሉ በዶላር እጥረት ማሳበብ ራስን ማታለል ነው። የመጥረጊያ ሽቦ ግድግዳ ላይ የወጠረው ልጅ ይህ ሰበብ ከእኛ በላይ ያምርበት ነበር። አልተጠቀመበትም።

ለዚያ ወጣት የነገርኩትን ለእናንተም ልድገመው። ጊታርህን እንዳትሸጥ። ዘመድህ ሲመጣ ወፍራም ክር ብቻ ያምጣልህ። ዛሬ ማታ ቃኘው። ነገ ጠዋት ጋራዥ ሂድና የካንዴላ መፍቻ ለምን፤ ጣትህ ላይ የሚገባውን ምረጥ። ስድስት ወር ከተጫወትክ በኋላ አሁንም ፔዳሉ ካስፈለገህ ደውልልኝ።

ካርቶን ሙሉ አለኝ፤ በነፃ እሰጥሃለሁ።