የክረምት ልብስ የቱ ነው?

ልብስ ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም ሁለት ነው፤ ከብርድና ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከነፋስ ይጠብቀዋል፤ ደግሞም ያስጌጠዋል። ሁለቱ ጥቅሞች ተስማምተው በተገኙ ጊዜ ሰውዬው በሚገባ ለበሰ ይባላል። ማስጌጡ መጠበቁን የዋጠው እንደ ሆነ ግን ልብሱ ልብስነቱ ይቀርና የትያትር ዕቃ ይሆናል። ይህን ያነሣነው በዚህ ዘመን በልብስ ነጋዴዎች ማስታወቂያ ላይ እየበዛ ስለ ሄደ ስለ አንድ ዐይነት ፎቶግራፍ ሐሳባችንን ለአንባቢዎች ለመግለጽ ነው።

ፎቶግራፉ እንዲህ ያለ ነው። ከተራራ ራስ ላይ አንድ ጎልማሳ ብስክሌቱን ተደግፎ ይቆማል። እንጀራው ከብስክሌት አይደለም፤ ከሥራ ሰዓት በኋላና በበዓል ቀን ስለ ፍቅር ብቻ የሚጋልብ፣ አማተር የሚሉት ዐይነት ሰው ነው። በላባ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ለብሷል፤ ባንገቱ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ በእጁም የሱፍ ጓንት አጥልቋል። ከበስተኋላው በረዶ ይታያል፤ ከግርጌው «የክረምት ልብስ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ ሥዕል በአልፕስ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ቢቀርብ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ጃኬት ከነጽሑፉ ሳይለወጥ ወደ አገራችን ተሻግሮ፣ የአሶሳ ወጣት ሳይቀር «የሥልጡን ብስክሌተኛ መልክ ይህ ነው» ብሎ እንዲያምን ሲደረግ፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። አውሮፓውያን ብርዱና በረዶው የሚበረታበትን ወራት የሚጠሩበትን ስም ተርጓሚዎቻችን ብዙ ጊዜ «ክረምት» እያሉ ይተረጕሙታል። ሊቃውንት ግን ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ ብለው ወስነዋል። የአውሮፓ የብርድ ወራት በሰማይ ቈጠራ ከታኅሣሥ 12 ገደማ እስከ መጋቢት 11 ገደማ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ብናስተያይ የእነርሱ የበረዶ ወራት የሚገጥመው ከእኛ በጋ ጋራ እንጂ ከክረምታችን ጋራ አይደለም። በረዷቸውን «ክረምት» ብለን በተረጐምን ቍጥር ዝናባችንን ስም እናሳጣዋለን። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ሙላት ነው፤ ዘር የሚበቅልበትና ወንዝ የሚያስፈራበት ወራት ነው።

ቃሉ ከተቃና በኋላ አገሩን እንመልከት። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ከተማ ናት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ ክልሉም የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። ዝናቧ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ሙቀቷ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ዝቅ ብለን ወደ ዐባይ ሸለቆ፣ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ወዳለበት ወደ ጉባ ብንወርድ ሙቀቱ ሌላ ነው። በዚህ አገር በላባ የተሞላ ጃኬት ለብሶ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ በገዛ ላቡ ይታጠባል። ዝናቡ በመጣ ጊዜም ላባው ውሃ ጠጥቶ ይከብደዋል እንጂ አያሞቀውም፤ ላባ የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለ ያዘ ነውና፣ በረጠበ ጊዜ ይህ ኀይሉ ይጠፋል። እንግዲህ ያ ጃኬት ለአሶሳ በጋ እጅግ የሞቀ፣ ለአሶሳም ክረምት የማይረባ ነው።

«ታዲያ ኢትዮጵያ ብርድ የላትምን?» የሚለን አይጠፋም። አላት እንጂ! ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የአየሩ ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሸን ከአሶሳ 20 ዲግሪ ያህል ቢቀዘቅዝ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ደገኛው ውርጭ የሚፈራው በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለችና፣ ደመና የሌለበት ሌሊት ጋቢውን እንደ ተገፈፈ ሰው ነው። ይህንንም ብርድ አባቶቻችን ያለ መከላከያ አልተቀበሉትም። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር ባናና ዝተት ሠርቷል፤ መኳንንቱ በርኖስ ደርበዋል፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ዳዊቱን ደግሟል፤ ገበሬው በጋቢና በቡሉኮ ሌሊቱን አሳልፏል። ለዝናቡ ደግሞ እረኛው ከሣር የተሠራ ገሳውን ጭኖ ከብቱን ጠብቋል። ልብ እንበል! ገሳ የክረምት ልብስ ነው፤ በርኖስ የብርድ ልብስ ነው። ፊደል ያልቈጠረው እረኛ የለየውን ነገር፣ የዛሬው ማስታወቂያ ጸሐፊ አምታቶታል።

ስለ ብስክሌተኛና ስለ ብርድ እውነተኛውን ነገር ማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ውድድሩ ታሪክ ይመለስ። ግንቦት 28 ቀን 1980 ዓ.ም. በኢጣልያ ዙር ውድድር ላይ ጋላቢዎቹ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጋቪያን ተራራ ሲያቋርጡ የበረዶ ውርጅብኝ መጣባቸው። በዚያ ቀን አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን የመሪነቱን ሮዝ ማልያ ለበሰ፤ ውድድሩንም በድል ፈጸመ። እግሩ ብርቱ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን የቡድኑ ሰዎች ብርዱን አስቀድመው ተገንዝበው ጓንትና ቆብ ማሰናዳታቸውም እጅግ ረድቶታል። ቀድሞ ደግሞ ብዙ ታላላቅ ጋላቢዎች ተራራው ራስ ላይ ሲደርሱ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው በማልያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። ሽቅብ የሚጋልብ ሰው ሙቀትን ከራሱ ያፈልቃል፤ ብርዱ የሚያገኘው ቍልቍል ሲወርድ ነፋሱ ደረቱን ሲመታው ነው። ለዚህም አንድ ጋዜጣ ይበቃዋል! በተራራ ራስ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ግን አይወጣም፣ አይወርድም፤ ስለዚህ ጃኬቱ ይጥቀም አይጥቀም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ኢትዮጵያዊ የበረዶ ልብስ ሊለብስ አይገባውም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የበረዶ ኦሊምፒኮች ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት የበረዶ ልብስ መልበሱ ተገቢ ነበር፤ ሥራው ያ ነበርና። አበበ ቢቂላም ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። ባዶ እግሩም ሆነ ጫማው ለሩጫው አገለገሉ እንጂ ሩጫው ለእነርሱ አላገለገለም። ልብስ ለሥራ ነው፤ ሥራ ለልብስ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል።

በሌላ በኩል «አማተር ስፖርተኛ ለነጋዴ ፎቶግራፍ መነሣቱ ራሱ ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ከእነዚህም ጋራ አንስማማም። በ1964 ዓ.ም. በጃፓን ከተማ በሳፖሮ በተደረገው የበረዶ ኦሊምፒክ ዋዜማ፣ ካርል ሽራንትዝ የተባለው የኦስትሪያ ተንሸራታች ስሙንና ሥዕሉን ለማስታወቂያ አውሏል ተብሎ ከውድድሩ ተባረረ። ያ ሕግ የቆመው ለሀብታም ልጅ ነበር፤ ድኻው እየሠራ መብላት ነበረበትና። ዓለምም ይህን አይቶ ቀስ በቀስ ተወው፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ለገንዘብ የሚጋልቡት ሁሉ በብስክሌቱ ውድድር ተካፈሉ። ስለዚህ የአሶሳ ጎልማሳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ዋጋውን ቢቀበል ደስ ይለናል እንጂ አናዝንም። የምናዝነው ሁለት ነገር ሲደረግበት ነው፤ ይኸውም በነጻ «ለታዋቂነት ይጠቅምሃል» ተብሎ ሲቆምና ለአገሩ የማይሆነውን ነገር በገዛ መልኩ ለወንድሞቹ ሲሸጥ ነው።

«ይህ ሁሉ ቍጣ ስለ አንድ ፎቶግራፍ ነውን?» ይባል ይሆናል። ፎቶግራፍ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሥዕል ይማራል። በየማስታወቂያው ላይ ሥልጣኔ ሁልጊዜ በበረዶ መካከል፣ ሁልጊዜም በወፍራም ጃኬት ተመስሎ ሲታየው፣ የአሶሳ ልጅ የራሱ ዝናብ፣ የራሱ ቀይ መሬትና የራሱ የሽመል ጫካ ለሥዕል የማይበቁ ነገሮች ይመስሉታል። አባቱም ለክረምት ብሎ በብዙ ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ ለማይሆን ጃኬት ያወጣና፣ ሐምሌ ሲመጣ ልጁ በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚደርሰው ደብተሩ ረጥቦ ነው። በዝናብ ውስጥ የሚጋልብ ልጅ ፍሬኑ በረጠበ ጊዜ ቶሎ አይዝለትም፤ የመኪና ነጂውም በጭጋግ ውስጥ ጥቍር ልብስ የለበሰውን ሕፃን አጥርቶ አያይም። እንግዲህ የቃል ስሕተት ወደ ልብስ፣ የልብስ ስሕተት ወደ ሕይወት እንደሚተላለፍ አስተውሉ።

ይህ አገር ደግሞ በብስክሌት ታሪክ ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌተኞችን ልካለች። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ የፈረንሳይን ዙር ውድድር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል። እነዚህ ሰዎች የታወቁት በመጋለባቸው ነው። የአሶሳም ጎልማሳ ሥዕሉ የሚያምረው ሲጋልብ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ቃላችንን እናቀርባለን። መምህራን ሆይ! ተማሪዎቻችሁን ስትተረጕሙላቸው የአውሮፓን የበረዶ ወራት «የብርድ ወራት» በሉት፤ «ክረምት» የሚለውን ስም ለዝናባችን ጠብቁለት። በሥልጣን ላይ ያላችሁ ሆይ! ለወጣቶች የስፖርት ልብስ በምትገዙበት ጊዜ የናሙናውን መጽሐፍ ከማገላበጣችሁ በፊት የአገሩን ዝናብና ሙቀት ጠይቁ፤ ለደብረ ብርሃን የሚሆነው ለአሶሳ አይሆንም። ልብስ ሰፊዎችና ነጋዴዎች ሆይ! ለክረምታችን የሚሆን ልብስ ስፉልን፤ ቀላል ይሁን፤ ውሃ አያስገባ፤ በብብቱ ነፋስ ያስወጣ፤ ከሩቅ እንዲታይ ቢጫ ወይም ቀይ ይሁን፤ ጫፉም በሰንሰለት እንዳይያዝ አጠር ይበል። ብስክሌቱም ጭቃ እንዳይረጭ ፓራፋንጎው አይጓደልበት። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአገራችን ልጆች ለባሕር ማዶ ሰው ልብስ ሲሰፉ፣ ለገዛ ዝናባቸው አንድ ካባ መስፋት የሚያቅታቸው አይመስለንም።

ሥዕሉንም ቢሆን አንሡት! ተራራ ካስፈለገ በመተከል በላያ አለ፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ያረፉበት፣ አርበኞችም የተሰባሰቡበት ተራራ ነው። ጎልማሳውን በሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ካባውን ለብሶ ዳገቱን ሲወጣ አንሡት፤ ዋጋውንም ክፈሉት። ከግርጌው «የክረምት ልብስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ እውነት ይሆናል። የአገርን ሰርዶ በአገር በሬ እንዲሉ፣ የአገርን ክረምት በአገር ልብስ እንቀበለው። የሰው ወርቅ አያደምቅምና።